ምንጩ ምን አገባዎት?

ጥብቅና በጀመርኩባቸው ዓመታት ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራ ነበር። ግድግዳዬ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ይዋሰናል፤ ደንበኛ ከሚነግረኝ ግማሹን ማሽኑ ይውጠዋል። የሚመጡልኝ ጉዳዮች በየትኛውም የወረዳ ከተማ ያሉት ናቸው፤ ድንበር ተገፋብኝ፣ ውርስ ተከለከልኩ፣ ባጃጅ ገጨኝ። ሁሉንም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «ምን ጎደለብዎት?» የጎደለውን ካወቅኩ የቀረውን ሕጉ ያመለክተኛል።

አንድ ጠዋት ከውጫሌ የመጡ ሴት ገቡ። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር አጥብቀው ያሰሩ ሙስሊም እናት ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ። የተለመደውን ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው።

«እኔማ ምንም አልጎደለብኝ» አሉ። «የጎደለበት ምንጩ ነው።»

ነገሩን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ከውጫሌ ወጣ ብሎ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር፣ አንድ ምንጭ አለ። ሴትዮዋ በሙሽርነታቸው ወደዚያ ቀበሌ ገብተው ግማሽ ዕድሜያቸውን ከዚያ ምንጭ ውሃ ሲቀዱ ኖረዋል። ከምንጩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ከጦርነቱ በኋላ የድንጋይ መፍጫ፣ ሰው ሁሉ ክሬሸር የሚለው፣ ተተክሏል። የፈረሰው ቤትና መንገድ ሲጠገን ጠጠር እንደ እህል ተፈላጊ ሆኖ ነበርና ማሽኑ አያርፍም። ድንጋዩን ለማግኘት ከላዩ ያለው አፈር ይገፈፋል። የተገፈፈው አፈር ደግሞ ወደ ሸለቆው ተገፋ፤ ሸለቆው ወደ ምንጩ ይወርዳል። አሸዋ የታጠበበት ውሃም በዚያው ይለቀቃል። ምንጩ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ አመድ የተበጠበጠበት መሰለ፣ በመጨረሻ ከአፈሩ ሥር እየተንጠባጠበ የሚወጣ ጭቃ ሆነ።

«አሁን ከእሱ ነው የሚጠጡት?»

«የለም። አሁንማ ውጫሌ ነው ያለሁት፤ የቧንቧ ውሃ አለኝ።»

«መሬት አለዎት ከምንጩ በታች?»

«ባሌ ሲሞት መሬቱ ለፊተኛይቱ ሚስት ልጆች ሆነ። ሀቃቸው ነው።»

«ከብትስ?»

«ዶሮ እንኳ የለኝም» አሉና ሳቁ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከምንጩ በታች መስኖ የሚያጠጡ ገበሬዎች እንዳሉ ጠየቅኳቸው። አሉ፤ ሽንኩርታቸው ደርቋል። ለምን እነሱ አይከሱም? ሴትዮዋ በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ የአንዱ ልጅ ክሬሸሩ ላይ ጥበቃ ነው፤ የሌላው ወንድም ጠጠር ይጭናል፤ ለሦስተኛው የክሬሸሩ ባለቤት መንገድ ሊያወጡለት ቃል ገብተውለታል። የሚመለከታቸው ሁሉ መክሰስ አልፈለጉም። የፈለጉት የማይመለከታቸው እኒህ ሴት ብቻ ነበሩ።

«ታዲያ እርስዎ ለምን?» አልኳቸው።

የጥያቄዬ ሞኝነት የገረማቸው መሰለኝ። «የጠጣሁትን ውሃ ሲቀብሩት ዝም ልበል? ልጆቼን ያጠብኩበትን፣ ውዱእ ያደረግኩበትን? ሰው እንኳ ሲቀበር ቆሞ የሚያይለት ይፈልጋል።»

አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር፤ ተነሥተው በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ነገሩኝ። አፈሩን የሚገፋው የሎደር ሹፌር የራሳቸው ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ተምሮ የመጣ፣ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ። ለመክሰስ እንዳሰቡ ሲነግሩት ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«‹እማ፣ ምን አገባሽ?› ነው ያለኝ።»

ማታ ሕጉን አወጣሁ። የተማርነው የሥነ ሥርዓት ሕግ ከልጃቸው ጋር ይስማማል፤ በክሱ ነገር መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም። ምን አገባህ ማለት ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። ነገር ግን የአካባቢ ብክለትን የሚመለከተው አዋጅ በዚህ ላይ ለየት ይላል። አስቀድሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ያለ ማንኛውም ሰው፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ መልስ ካጣ ወይም በመልሱ ካልተስማማ፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ይህን በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የሚጠቀምበት ሰው አገኛለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አቤቱታውን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባን። መልስ አልመጣም። ጊዜው ሲያልፍ ክሱን መሠረትን።

የክሬሸሩ ባለቤት መጥሪያ በደረሳቸው ሳምንት ውጫሌ ሻይ ቤት አግኝተውኝ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን የምለው ለይምሰል ሳይሆን ነገሩ እንደዚያ ስለነበር ነው። እዚያው ቀበሌ ተወልደው፣ በንግድ ከብረው የተመለሱ ናቸው። መስጊዱ ሲሠራም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስም ጠጠር በነፃ ሰጥተዋል። ለቅሶ ሲኖር ገልባጭ መኪናቸው ሰው ያመላልሳል።

«ጠበቃው» አሉኝ፣ «የበደልኩት ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። አጠፋሁ ካሉኝ እክሳለሁ። አሁን ማንን ልካስ? ሴትዮዋን ምን አደረግኳቸው? ልጃቸው እኮ እኔ ጋ ነው እንጀራ የሚበላው።»

ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ሴትዮዋ ቤት ሄዱ፤ አንደኛው ከመስጊዱ፣ ሁለተኛው ከምንጩ በላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ። በእኛ አገር ክስ ከሚሰማበት ቀን በፊት ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። እኔም ጠበቃቸው ስለሆንኩ ተጠርቼ ነበር። የመስጊዱ ሽማግሌ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ልጃቸው እንጀራ፣ ስለ ሰላም ተናገሩ። ሲጨርሱ «ታረቂ፣ አንቺ ሰው» አሏቸው።

«እኔ መች ተጣላሁ?» አሉ ሴትዮዋ። «እኔን አልነካኝም። ያልበደለኝን ሰው ምን ብዬ ይቅር እላለሁ? ማስታረቅ ከሆነ ሐሳባችሁ ውሃውን አስታርቁት።»

ቄሱ ወደ ሽማግሌው ዞረው «ትክክል ናት» አሏቸው። ምንጩ የክርስትና ውሃ የሚቀዳበትም ነበር። እሳቸው ክስ እንደማይመሠርቱ፣ ከተጠሩ ግን ያዩትን እንደሚናገሩ ነገሩኝ። ሽምግልናው በዚህ ተበተነ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የተከሳሹ ጠበቃ ስለ ብክለቱ አንድ ቃል አልተናገረም። የተናገረው ስለ ሴትዮዋ ነው። ከምንጩ በታች መሬት የላቸውም፤ ከብት የላቸውም፤ ከቀበሌው ከወጡ ቆይተዋል፤ ውሃውን አይጠጡትም። ክስ የማቅረብ መብት ስለሌላቸው መዝገቡ ይዘጋ። እኔ አዋጁን ጠቅሼ ተከራከርኩ። ወጣቱ ዳኛ አዳመጠኝ፤ ይሁን እንጂ የተከተለው የሥነ ሥርዓት ሕጉን ነበር። መቃወሚያውን ተቀበለ፤ መዝገቡ ተዘጋ።

ከችሎት እንደወጣን ሴትዮዋ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ንባቡ ፈጥኖባቸው ነበር።

«አያገባዎትም አሉ።»

«ይኼንንማ ልጄ በነፃ ነግሮኝ ነበር።»

ይግባኝ ጠየቅን። ደሴ፣ በይግባኝ ሰሚው ችሎት ከተሰየሙት ዳኞች መካከል መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሴት ዳኛ ነበሩ። ክርክሩ የተቋጨው እሳቸው ለተከሳሹ ጠበቃ ባቀረቡት ጥያቄ ይመስለኛል።

«እርስዎ እንደሚሉት፣ ለዚህ ምንጭ መክሰስ የሚችለው ማን ነው?»

«ባለቤቱ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«ውሃ የሕዝብና የመንግሥት ነው።»

«መንግሥት አቤት ተብሎ ዝም አለ። እኚህ እናትስ ከሕዝቡ አይደሉም?»

ጠበቃው ስለ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሌላ የሚናገረው ነበረው፤ ተናገረውም። ውሳኔው ግን አዋጁን ተከተለ፤ ለብክለት ጉዳይ ከሳሹ የራሱን ጉዳት እንዲያሳይ አይጠየቅም፤ መዝገቡ ተከፍቶ ፍሬ ነገሩ ይሰማ ተባለ። በዚያን ቀን ከደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሴትዮዋ ከእኔ ቀጥሎ ተቀምጠው እስከ ሐይቅ ተኙ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወጣት ጠበቃ በሕግ ነጥብ ሲያሸንፍ የሚሰማው ዓይነት ደስታ። ቀላሉን ክፍል መጨረሳችንን አላወቅኩም።

መዝገቡ ሲመለስ ተከሳሹ አዲስ መልስ አቀረቡ። አፈር ወደ ሸለቆው መገፋቱን አልካዱም፤ ምስክሮቻችን ብዙ ነበሩና መካድ አያዋጣቸውም። ያሉት ሌላ ነው። እኔ አላዘዝኩም፤ አፈሩ በሌላ በኩል እንዲከመር ነግሬ ነበር፤ የሎደሩ ሹፌር በገዛ ፈቃዱ ወደዚያ ገፋው፤ ተጠያቂ ካለ እሱ ነው። ዋና ምስክር አድርገው የቆጠሩትም ያንኑ ሹፌር ነበር። የሴትዮዋን ልጅ።

ይህን የነገርኳቸው ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ነው። መልሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

«ልጄ ሊፈረድበት ነው?»

«በዚህ መዝገብ እሱ አልተከሰሰም። ግን ባለቤቱ ከተረቱ ኋላ ዞረው ‹አንተ ነህ ያስፈረድክብኝ› ብለው ሊጠይቁት ይችላሉ።»

«ብተወውስ?»

«መተው ይችላሉ። ክሱ የእርስዎ ነው።»

 ግቢው ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ የችሎት አስተናባሪው ስም ይጠራል። እኔ ምንም አልመከርኳቸውም። 

«ክሱ የእኔ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ቢሆን እተወው ነበር። አማና ነው፣ አደራ። አማና ደግሞ ልጅ ስለመጣበት አይበላም።»

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ክሬሸሩ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ቄሱም መጥተዋል። ልጁ፣ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እናቱን የሚመስል ሰው፣ ቁርኣን ላይ እጁን አድርጎ ማለ። እናቱ ሦስት እርምጃ ከማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። አልተያዩም።

የተከሳሹ ጠበቃ አፈሩን ወደ ሸለቆው ማን እንደገፋው ጠየቀው።

«እኔ ነኝ።»

«ይህን እንዲያደርጉ ያዘዘዎት ሰው አለ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

ሴትዮዋን አየኋቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መዳፋቸውን እያዩ ነበር። ቃሉ እንደ ጠበቃ አልጎዳኝም፤ እንዲያውም የምፈልገው መንገድ ላይ ነበር። የአሠሪ ኃላፊነት በትእዛዝ አይለካም፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል። ተራዬ ሲደርስ የጠየቅኩት ጥቂት ነው።

«ሎደሩ የማን ነው?»

«የአለቃዬ።»

«አፈሩን ሲገፉ በሥራ ሰዓት ነበር?»

«አዎ።»

«አለቃዎ እዚያ ነበሩ?»

 ዳኛው እንዲመልስ ሲነግረው «ይመጡ ነበር» አለ።

«አይተዋል?»

«ቦታው ከመንገዱ ይታያል።»

«አይተዋል ወይ ነው ጥያቄዬ።»

«አይተዋል።»

«አቁም ብለውዎታል?»

ግንባሩን በመዳፉ ጠረገው። «አላሉኝም።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ልጁ ከመቆሚያው ሲወርድ በእናቱ በኩል ሳይሆን በሌላው በኩል ዞሮ ወጣ።

ፍርዱ ከክረምቱ በፊት ተነበበ። ዳኛው፣ ያው መጀመሪያ መዝገቡን የዘጋው ወጣት፣ ረጅምና ጥንቃቄ የተሞላበት ውሳኔ ጽፎ ነበር። ያዘዘ ማን ነው፣ አጥፊው ማን ነው የሚለው ለዚህ ክስ አያስፈልግም አለ። በሥራው ምክንያት ውሃ ያበላሸ ድርጅት ጥፋት ኖረውም አልኖረውም ያበላሸውን መመለስ አለበት፤ የሠራተኛው ድርጊት የእሱ ድርጊት ነው። አፈሩ ከሸለቆው ይነሣ፤ ከሥሩ የድንጋይ መከላከያ ይሠራ፤ የአሸዋ ማጠቢያው ውሃ በጉድጓድ ይጠራቀም፤ እስከዚያ ክሬሸሩ ሥራ ያቁም። ለሴትዮዋ ምንም አልተፈረደም፤ ምንም አልጠየቁምና።

ክሬሸሩ ሲቆም ውጫሌ ላይ ወሬው ተቀየረ። ሥራ የፈቱት ልጆች ሴትዮዋ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ጀርባቸውን ይሰጧቸው ጀመር። ከአንድ ሰርግ ሳይጠሩ ቀሩ፤ ይህን ከራሳቸው አልሰማሁም። ጎረቤታቸው ነች የነገረችኝ። ልጃቸው ሥራውን ትቶ ወደ ሚሌ በኩል ወዳለ የመንገድ ሥራ ሄደ። ባለቤቱ በኋላም አልከሰሱትም። ለምን እንደተዉት አላውቅም፤ ምናልባት ሰው ያማኛል ብለው፣ ምናልባትም አቁም እንዳላሉት ለራሳቸውም ጠፍቷቸው ስላልነበረ።

አፈሩን ለማንሳት ሎደር አልተቻለም፤ ሸለቆው ጠባብ ነው። የጉልበት ሠራተኛ ተቀጠረ፤ አብዛኞቹ ያው ከክሬሸሩ የተቀነሱት ነበሩ። ውሳኔው መፈጸሙን ለማየት አንድ ቀን ወጥቼ ነበር። በአካፋና በዶማ ሲቆፍሩ ቄሱ ከላይ ቆመው የምንጩ ዓይን የቱ ጋ እንደነበር ያመለክታሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳስተዋል፤ ሲሳሳቱ ሠራተኞቹ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ሴትዮዋ አልመጡም። መታየት እንዳልፈለጉ ገመትኩ።

ከክረምቱ በኋላ ከምንጩ ዓይኖች አንደኛው ተከፈተ። ሌላኛው እስካሁን ደረቅ ነው። የሽንኩርት ማሳዎቹ ግማሹ ውሃ ያገኛል፤ ባለማሳዎቹ አሁን በውሃ ተራ ይጣላሉ፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ደንበኞቼ ሆነዋል። ክሬሸሩም መከላከያውን ሠርቶ ሥራ ጀምሯል።

የውሳኔውን ግልባጭ ለሴትዮዋ ስሰጣቸው ተቀብለው ሳያነቡት አጣጠፉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ» አሉኝ። «እውነት ማንም አላዘዘውም?»

«ፍርድ ቤቱ ያ ጥያቄ አያስፈልግም ብሏል፣ እናቴ።»

«ለእነሱ አያስፈልግ። እኔን ግን ያስፈልገኛል።»

 ሕጉ ያን ጥያቄ የዘጋው ለእሳቸው ወገን እንዲጠቅም ነው፤ ባይዘጋው ኖሮ ምናልባት እንሸነፍ ነበር። ይህን ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳምጠው «አብሽር፣ ገብቶኛል» አሉ። የገባቸውም ይመስለኛል። ጥያቄያቸውን ግን ይዘውት ሄዱ።

ልጁ እናቱን ያየው ከብዙ ወራት በኋላ፣ ለአረፋ በዓል ሲመጣ ነው። ይህን ከራሳቸው የሰማሁት በውጫሌ ገበያ ቀን ነው፤ እኔ ለሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሼ ስመለስ እሳቸውን ከነጋዴ ጋር በበርበሬ ዋጋ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ወደ ጥላው ወሰድ አድርገው ነገሩኝ። ልጃቸው ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ በጉን አረደ፤ ዘመድ ጠየቀ። ሊሄድ ሻንጣውን ሲዘጋ ጠየቁት።

«ምን አለዎት?»

«‹አዘውኛል› አለ። ‹አዘውኛል፤ በሐሰት ነው የማልኩት። ግን እማ፣ ባያዙኝም እዚያው ነበር የምገፋው፤ ቅርብ ነበር› አለኝ።»

ስለ ሐሰት መሐላው፣ ስለ ቁርኣኑ ጠየቅኳቸው። ያ በእሱና በአላህ መካከል ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም አሉ። ከዚያ ምን እንዳሉት ጠየቅኩ።

«ምን እላለሁ? ‹ይኼኛው እውነት ነው› አልኩት። ስንቅ ቋጠርኩለት፤ ሄደ። በየጁምዓው ይደውላል።»

ነጋዴው ከወዲያ በኩል በርበሬውን መዝኖ ጠራቸው። «አንተ፣ ጣትህን ከሚዛኑ ላይ አንሣ!» እያሉ ወደ እሱ ተመለሱ።